ዱላው ከወደቀ በኋላ፦ የፊልም መጨረሻና የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች ታሪክ

ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር፤ እኛ ግን አጨበጨብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለማየት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በእ.ኤ.አ. 1974 አገር ቤት ተቀርጾ በ1976 ለተመልካች የቀረበ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። የሚታዩበት ሰዎች በትወና ሙያ ያልሠለጠኑ ያገር ሰዎች ናቸው። ሲጀምር ቀስ ይላል። ገበሬው ያርሳል፤ ልጅቱ ከብት ትጠብቃለች፤ ባላባቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይቆጣል፣ ይሳደባል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችንን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎን ነበር። በለጠች የምትባለው ልጅ የባላባቱን ላም ከጎርፍ አድናለሁ ስትል ውሃ ሲወስዳት ግን ሁላችንም ነቃን። ከዚያ በኋላ አዳራሹ አንድ ነገር መጠበቅ ጀመረ። መሬቱን የተነጠቀው፣ ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚቆጥረው ከበበ ባላባቱን በዱላ ደብድቦ ሲገድለው የጠበቅነው ደረሰልንና ጭብጨባው ቤቱን ሞላው።

ፊልሙ ግን ቀጠለ። ከበበ ራሱን ሰቀለ። በመጨረሻም አንድ ልጅ ከመኪና ኋላ ተንጠልጥሎ አገሩን ጥሎ ወደ ከተማ ሲሄድ አየን። መብራት ሲበራ የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። አንደኛው ወገን፣ መጨረሻው ፊልሙን ገደለው፤ ዱላው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሁላችንም ልባችን ሞልቶ እንወጣ ነበር አለ። ሌላው ወገን ደግሞ፣ እሺ፣ ልባችሁ ሞልቶ ወጥታችሁ ምን ልታደርጉ ነበር? ሲል ጠየቀ። ክርክሩ ከሰው ፊልም አልፎ የራሳችን ሥራ ላይ ደረሰ። ከመካከላችን የቢቸናና የሞጣ ልጆች አሉ። በ1960 ዓ.ም. በእነዚህ ሁለት አውራጃዎች ስለተነሣው የገበሬ ዐመፅ አንድ የፊልም ጽሑፍ እንጻፍ ብለን መጀመሪያውንና መካከሉን አርቅቀናል። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን ብዕራችን ቆመ። ለምን እንደቆመና ዛሬ ወዴት እንዳዘነበልን ለአንባቢ ለማስረዳት ነው ይህን የምንጽፈው።

፩

በመጀመሪያ ስለ ፊልም መጨረሻ በጠቅላላው ጥቂት እንበል።

ፊልም እንደ መጽሐፍ ገጽ መልሰው የሚያነቡት ነገር አይደለም፤ ሲኒማ ቤት ገብቶ አንድ ጊዜ ያየው ሰው ይዞት የሚወጣው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተባለውን ነገር የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሊያጸኑት ወይም ሊያፈርሱት ይችላሉ። እንዴት እንደሚያፈርሱት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ጀርመናዊው ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1924 «የመጨረሻው ሰው» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ባለ ታሪኩ የአንድ ትልቅ ሆቴል በር ጠባቂ ነው። አረጀህ ተብሎ የሚኮራበትን ካፖርት ገፈፉትና ወደ መታጠቢያ ቤት አወረዱት። ጎረቤት ሳቀበት። ታሪኩ እዚያ ጨለማ ውስጥ ማለቅ ነበረበት። ግን አላለቀም፤ በድንገት አንድ የጽሑፍ ገጽ መጣና፣ በእውነተኛው ኑሮ ይህ ሽማግሌ ከሞት በቀር የሚጠብቀው እንደሌለ፣ ደራሲው ግን እንዳዘነለት ተነገረን። ከዚያ ሽማግሌው የአንድ ሚሊየነር ወራሽ ሆኖ በዚያው ሆቴል ሲበላና ሲጠጣ ይታያል። ተመልካቹ ይስቃል። ሽማግሌውን ያዋረደው ሥርዓት ግን የትም አልሄደም፤ ተረሳ እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌ የጊሎ ፖንቴኮርቮ «የአልጀርስ ጦርነት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ። የፊልሙ ዋና ታሪክ በ1957 ዓሊ ላ ፗንት ከተደበቀበት ቤት ጋር በፈንጂ ሲጠፋ ያልቃል። ፈረንሳዮቹ አሸነፉ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ የሽንፈት ፊልም በሆነ ነበር። አዘጋጁ ግን ሦስት ዓመት ዘሎ በታኅሣሥ 1960 የተነሣውን የአልጀርስ ሕዝብ ሰልፍ አሳየ፤ ነጻነቱም በ1962 እንደመጣ አስነገረ። ዝላዩ ሐሰት አይደለም። በ1960 አደባባይ የወጡት ሰዎች በ1957 የሞቱት የጠየቁትን ያንኑ ነገር ነው የጠየቁት። ይህን ልብ እንበለው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው የሴኔጋሉ ሴምቤን ኡስማን «ማንዳቢ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ተሠራ፤ የእኛዎቹ ገበሬዎች ባመፁበት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ያልተማረ የቤተሰብ አባት ከፓሪስ በፖስታ የተላከለትን ገንዘብ ለማውጣት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የገዛ ዘመዱ ገንዘቡን ይበላበታል። በመጨረሻው ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ እኔም ከእንግዲህ እንደነሱ እሆናለሁ ሲል፣ ፖስተኛው ይህን ነገር የምንለውጠው እኛው ነን ይለዋል። ድል የለም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። ግን ተመልካቹ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከነዚህ ከሦስቱ የምንማረው ይህን ነው። መጨረሻ ደስ የሚል ወይም የሚያሳዝን በመሆኑ ብቻ መልእክትን አያጠነክርም፣ አያዳክምም። መጠየቅ ያለበት መጨረሻው ከመካከሉ የበቀለ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ? የሚለው ነው። የሆቴሉ ሽማግሌ ውርስ ከውጭ የመጣ ነው። የአልጀርስ ሰልፍ ከውስጥ የበቀለ ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የከበበ ዱላም ሆነ ገመድ ከውስጥ የመጣ ነው። አንድ ሰው፣ ያውም ሰው የማይሰማው፣ ብቻውን ባላባት ሊገድል ይችላል፤ ብቻውን ግን ሥርዓቱን አይጥልም። ኃይሌ ገሪማ ይህን ስላወቀ ነው ከጭብጨባችን በኋላ ፊልሙን ያላቆመው። ያጨበጨብነው እኛ ነን የቸኮልነው።

፪

አሁን ወደ ቢቸናና ሞጣ እንምጣ። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የምናየው ገበሬ ባላባት የሚያዘው፣ የሰው መሬት የሚያርስ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ግን በብዛት እንዲህ አልነበረም፤ ርስተኛ ነበር። ርስት ማለት ከአንድ አቅኚ አባት ዘር ቆጥሮ፣ በእናትም በአባትም ወገን የሚጠየቅ የመሬት መብት ነው። ርስተኛ ድሃ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ ሦስት በሬ የማያሳልፍ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም ተነሥቶ ውጣልኝ አይለውም። ሹም ግብሩን ይበላል፣ መሬቱን ግን አይነቅለውም። የገበሬው ክብርም፣ ስሙም፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር ያለው ትስስርም በዚህ ላይ የቆመ ነበር።

ስለዚህ ነው «ቀላድ» የሚለው ቃል ያስፈራው የነበረው። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ቀላድ በተጣለበት ቦታ ሁሉ ብዙው መሬት ለመንግሥት፣ ለሹማምንትና ለነፍጠኛ ተከፍሎ አራሹ ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ የጎጃም ሰው ያውቃል። ለእሱ መለካት ማለት ግብር መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ የተለካ መሬት ነገ የሌላ ሰው ነው ማለት ነበር።

ይህ ፍርሃት በ1960 ዓ.ም. የተፈጠረ አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት በ1934ና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆች ሲያወጣ ጎጃም አልለካም ብሎ ጠመንጃ አነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ጎጃም መሬቱ ሳይለካ በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተወው። በዚያው ዘመን ሌላም ቁስል ነበር። አምስቱን ዓመት ቢቸናንና አካባቢዋን ይዞ ጠላትን የተዋጋው በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ከተሾመ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የአካባቢው ሰው ይህን አልረሳም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹምና የሚመጣ አዋጅ ሁለቱም በጥርጣሬ ዓይን ይታዩ ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 255 ነው። በወረቀት ላይ ሲያነቡት ክፉ አይመስልም። አሥራትን የሚተካ ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ይላል። የተማረ ሰው የሚያመሰግነው ዓይነት ሕግ ነው። ነገር ግን ግብሩ በምርት ላይ እንዲሆን ምርቱ መገመት አለበት፤ ምርቱን ለመገመት ደግሞ ሰው ማሳው ላይ መምጣት አለበት። ገበሬው የሚያየው ያንን ሰው ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ በእርሻው ዳር የሚቆም መንግሥት የላከው ሰው፣ ለገበሬው፣ ቀላድ የጨበጠ ሰው ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር አስመርሮታል። ጠመንጃህን አስመዝግብ፣ ለዚህ አዋጣ፣ ለዚያ አዋጣ መባሉ ሰልችቶታል።

ሞጣና ቢቸና እንቢ አሉ። በየአጥቢያው ተሰብስበው መከሩ፤ አቤት ባዮች ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ገማቾቹን ግን አናስገባም አሉ። መንግሥት መጀመሪያ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ላከ። ገበሬው በአባቶቹ ጠመንጃ መለሰ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በመጨረሻም አውሮፕላን መጥቶ መንደሮችን በቦምብ ደበደበ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ ከብት አለቀ።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ከተለመደው የሚለየው። በዚያው ክረምት ገዥው ከጎጃም ተነሡ። ገማቾቹ ቀሩ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብር ማሩ። አዲሱ ግብር ጎጃም ውስጥ በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ፤ መሬቱም አልተለካም። ገበሬዎቹ ያሉት ሆነ። እነሱም ወደ ማሳቸው ተመለሱ። ወደ ደብረ ማርቆስ አልዘመቱም፤ በዚያን ጊዜ በባሌ ለዓመታት ሲዋጉ ከነበሩት ገበሬዎች ጋር አልተገናኙም፤ ሥርዓቱ ይውደቅ አላሉም። ሥርዓቱም ስድስት ዓመት ቆየ።

፫

እንግዲህ ይህን ታሪክ የት ላይ እንዝጋው? ጽሑፋችንን ስናረቅቅ አራት መጨረሻ ቀርቦ ነበር። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ቦምቡ ላይ መዝጋት ነው። አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ጎጆው ይነዳል፣ እናት ትጮኻለች፣ መጋረጃው ይወርዳል። ለዓይን ይህን የሚያህል የለም። ተመልካች ያለቅሳል። ነገር ግን ያን ገበሬ ምን አደረግነው? ሲቀጠቀጥ የኖረ፣ ተቀጥቅጦ የቀረ ምስኪን አደረግነው። እሱ ግን ምስኪን አልነበረም። መክሮ፣ ወስኖ፣ ተኩሶ፣ ያሰበውን ያስፈጸመ ሰው ነው። በእንባ የሚዘጋ ፊልም ድሉን ይቀማዋል። ከዚህም በላይ መሸነፍን ዕጣ ፈንታው ያስመስልበታል፤ ይህ ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ሲያስተምረው የኖረው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ምሕረቱ ላይ መዝጋት ነው። ክፉው ገዥ ተሻረ፣ ንጉሡ ውዝፉን ማሩ፣ ገበሬው እጅ ነሣ። ይህ በታሪክ የሆነ ነገር ነው፤ ፈጠራ የለበትም። ሆኖም ከአራቱ ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ምክንያቱም እውነት የሆነውን ነገር ቦታውን ብቻ በመቀየር ሐሰት ያደርገዋል። ምሕረቱ የመጣው ገበሬው በመዋጋቱ ነው፤ የመጨረሻውን ትዕይንት ለንጉሡ ከሰጠን ግን የመጣው ከንጉሡ ልብ ይመስላል። በአገራችን «ንጉሥ ደግ ነው፣ ሹሙ ነው ክፉ» የሚባለው የቆየ አስተሳሰብ ደግሞ አለ፤ ገበሬዎቹ ራሳቸውም ሳያስቡት አልቀሩም። ገዥው ሲነሡ ረክተው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ፊልም ይህን አስተሳሰብ ማሳየት አለበት፤ በዚሁ አስተሳሰብ መደምደም ግን የለበትም። የሙርናው ሽማግሌ ውርስ እንዲህ ያለ ነው፤ ችግሩን የፈጠረው ወገን ችሮታ ሰጪ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛው ዝላይ ነው፤ የፖንቴኮርቮ ዓይነት። ከ1960 ዓ.ም. ተነሥተን ወደ 1966 አብዮት፣ ከዚያም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ወደ ሆነበት ወደ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መዝለል። ሰልፉን፣ ዘፈኑን፣ «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጩኸት ማሳየት። ሲነገር ያምራል፤ አብዛኞቻችንም መጀመሪያ የወደድነው ይህንኑ ነበር። አንድ የቢቸና ልጅ ግን አስቆመን። ያገሬ ሰው በ1960 ዓ.ም. የተዋጋው መሬት ላራሹ ይሁን ብሎ አይደለም፤ መሬቱማ በእጁ ነበር፤ የተዋጋው ርስቴን አትንኩ ብሎ ነው፤ የ1967ቱ አዋጅ ደግሞ ርስትን ራሱን ሻረ አለን። እውነቱን ነው። አዋጁ በወጣ ማግሥት በጎጃም አንዳንድ ቦታ ገበሬው እንደገና ጠመንጃ ያነሣው ለዚህ ነው። የአልጀርስ ዝላይ የሚይዘው የጥንቱና የኋላው ጥያቄ አንድ ስለሆነ ነው። የእኛ ዝላይ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው መልስ ያደርገዋል።

ደግሞስ ከዘለልን ለምን 1967 ላይ እናቆማለን? ትንሽ ገፋ አድርገን 1989 ላይ ብንወድቅስ? በዚያ ዓመት በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ቀበሌ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ገበሬ መሬቱ ለጎረቤቱ ሲሰጥ ቆሞ አየ። አቤት ባዮች ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ተሰለፉ። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ አያቱ አትለኩብኝ ብለው የተዋጉበትን ማሳ የልጅ ልጅ ራሱ ለክታችሁ ጻፉልኝ ሲል ታየ። ያው መለኪያ በአንድ ዘመን መንጠቂያ፣ በሌላው ዘመን መጠበቂያ ሆነ። ታሪክ እንዲህ ከሆነ የትኛው ዓመት ነው «ተፈጸመ» ብለን የምንጽፍበት?

አራተኛው ሐሳብ ከሥነ ጽሑፋችን የመጣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ዐመፁ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። የልብ ወለዱ ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩባት ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለችም። በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ፊታውራሪን ይማርካሉ። ከመካከላችን አንዱ፣ ታሪኩን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እናስገባውና እንደ ሐዲስ በፍቅርና በሞት እንዝጋው አለ። የሐዲስን መጨረሻ የሚነቅፍ ድፍረት የለንም። እዚያ ግን መቃብሩ የተገባው ነው፤ መጽሐፉ ከስሙ ጀምሮ ወደዚያው ይሄዳልና። ዐመፁም መካከል ላይ እንጂ መጨረሻ ላይ አይደለም። የእኛ ጽሑፍ ዋና ነገር ዐመፁ ነው። በፍቅር ሞት ብንዘጋው አንባቢ የሚያስታውሰው ሁለቱን ልጆች ነው፤ ሁለቱ አውራጃዎች ይረሳሉ።

፬

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል።

አራቱን መጨረሻዎች ስናያቸው ሦስተኛውን፣ ማለትም ዝላዩን፣ ያን ያህል የወደድነው ለምን ይሆን? በዚያ መጨረሻ ውስጥ እኛ ስላለንበት ነው። ሰልፉ የተማሪ ሰልፍ ነው፤ ጩኸቱም በ1957 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የወጣ ነው። ገበሬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዋጋል፤ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተማሪው መጥቶ ትርጉሙን ይነግረዋል። ይህ እኛ ሳናውቀው የለመድነው አጻጻፍ ነው።

ታሪኩን በቅርብ ስናየው ግን የሚያኮራ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ ከገማቾቹ ጋር ተፋጦ በነበረበት ወራት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ትልቁ የተማሪ ሁከት የተነሣው በአንድ የልብስ ፋሽን ትርኢት ምክንያት ነበር። ትርኢቱን ተቃውመው ተማሪዎች ወጡ፤ ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ያንን ትውልድ ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንለው፤ ብዙዎቹ በኋላ በሕይወታቸው ከፍለዋል። ነገር ግን ስለ ገበሬ የሚጮኸውና ገበሬው በአንድ ወር፣ በአንድ አገር ውስጥ ሆነው የተለያየ ነገር ላይ እንደነበሩ ማወቅ አለብን። የ1989ኙን ሰልፍ ስናስበው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ መገናኘት እንደሚቻል እናያለን። ያኔ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው ገበሬው ነው፤ ዓባይን ተሻግሮ የመጣው እሱ ነው፤ ተማሪው ያደረገው መስማትና አብሮ መቆም ነው።

አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨብነውም ከዚሁ ጠባይ ነው። የከበበን ዱላ የኛ አደረግነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ማለትም ገመዱንና የመኪናውን ኋላ፣ ለማየት አልፈለግንም። የመጨረሻው ልጅ ግን ማን ነው? ከገጠር ሸሽቶ ወደ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። እኛስ ማን ነን?

፭

ስለዚህ ያዘነበልንበት መጨረሻ ይህ ነው።

ጊዜው ጥር 1961 ዓ.ም. ነው። ቦታው ቢቸና አጠገብ ያለ አውድማ። ጤፍ ይወቃል። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ግን አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። አምና በዚህ ጊዜ ገማች ይመጣል እየተባለ ነበር። ዘንድሮ መንገዱ ባዶ ነው። ማንም አይመጣም። ምርቱ ይሰፈራል፤ የሚሰፍረው ባለቤቱ ነው። ካሜራው ፈቀቅ ሲል ከአውድማው ወዲያ ጣራው የነደደ ጎጆ ይታያል፤ አንዲት ሴት የተረፈውን እንጨት ትለቅማለች። ያልተለካው ማሳና የተቃጠለው ቤት በአንድ ምስል ውስጥ ናቸው። ሙዚቃ የለም፤ ንግግር የለም። በጽሑፍ የሚቀርብ ማብራሪያም የለም።

ይህ መጨረሻ ምን ይላል? አሸነፉ ይላል፤ መንገዱ ባዶ ነውና። ዋጋ ከፈሉ ይላል፤ ጎጆው ነዷልና። ያገኙትም የጠየቁትን ያህል ብቻ ነው ይላል። አውድማው ያው አውድማ፣ በሬው ያው በሬ፣ ማረሻውም የአባት ማረሻ ነው። ድሉን አይቀማቸውም፤ ድሉን ከነበረው በላይም አያሳብጠውም። ሥርዓቱ በቦታው እንዳለ ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ የ1967ንም የ1989ንም፣ ከአዳራሹ ሲወጣ ራሱ ይቀጥለው። የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ከሆነ ቤቱ ገብቶ አያቱን ይጠይቅ።

ይህም መጨረሻ ተቃዋሚ አላጣም። ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው አያነሣሣም፤ ሲኒማ የመጣ ሰው ባዶ መንገድ አሳይታችሁ ልትሸኙት ነው ወይ? ያሉን አሉ። እውነት ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም። እኛ ግን አንድ ጊዜ አጨብጭበን ያፈርን ሰዎች ነን። የቢቸናና የሞጣ ገበሬዎች የሠሩት ትልቁ ነገር አንድ ሰው እንዳይመጣ ማድረጋቸው ነው፤ ያልመጣን ሰው ደግሞ ከባዶ መንገድ በስተቀር በምን ያሳዩታል?

ጽሑፉ ገና በእርሳስ ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል፣ በተለይም የዚያ አገር ልጆች፣ የሚሻል መጨረሻ ያላችሁ ወይም እኛ የሳትነውን የምታውቁ ጽፋችሁ አምጡልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።